መጣልኝ ማለት ሄደልኝ ማለት አይደለም፦ በዳያል አፕ ዘመን ኢሜይል እንዴት ይላክ ነበር?

በዛሬው ጽሑፌ ላስነብባችሁ ያሰብኩት ስለ አንድ ያረጀ ነገር ነው። ይኸውም በቤት ስልክ መስመር ማለትም በዳያል አፕ ኢንተርኔት ይገባ በነበረበት ጊዜ ከቤት ኮምፒዩተር ኢሜይል እንዴት ይላክ እንደነበር ነው። «ሁሉም በእጁ ስልክ በሚልክበት በዚህ ዘመን ይሄ ምን ይሠራልናል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ አንድ ደብዳቤ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተወልጄ ያደግሁት አትክልት ተራ፣ ከጊዮርጊስ ወደ መርካቶ ሲወረድ ባለው ሰፈር ነው። አያቴ እዚያው ሽንኩርት ሲነግዱ ኖረዋል። ንግዱ በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲዛወር እሳቸው «ከእንግዲህስ ይበቃኛል» ብለው ቤት ዋሉ። ገበያው ሄደ፤ ስሙ ግን ከሰፈሩ አልተነሣም።

ባለፈው ክረምት አጎቴ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ በጆንያ ተሸፍኖ የኖረ አሮጌ ኮምፒዩተር አወጣ። «ይሠራ ይሆን እንዴ?» ብዬ ሰካሁት። ብዙ ካጓራ በኋላ ዊንዶውስ 98 ተከፈተ። የሰዓቱ ባትሪ ስለሞተ ቀኑ ተዘበራርቋል፤ ፋይሎቹ ግን አሉ። አውትሉክ ኤክስፕረስ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ስከፍተው በግራ በኩል ከተደረደሩት ማኅደሮች «አውትቦክስ» የሚለው ደምቆ፣ አጠገቡ 1 ቁጥር ይታያል። አውትቦክስ ማለት ተጽፈው ያለቁ ግን ገና ያልተላኩ ደብዳቤዎች የሚቆዩበት ቦታ ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ደብዳቤ ከግንቦት 1996 ዓ.ም ጀምሮ «እሄዳለሁ» ብሎ ተቀምጧል። እኔ ያን ጊዜ ገና አልተወለድኩም።

ደብዳቤው አያቴ እየተናገሩ አጎቴ የጻፈው፣ አሜሪካ ላለችው አክስቴ የታሰበ ነበር። አክስቴ በዚያ ዓመት ለቤተሰብ ሳታሳውቅ አግብታ፣ ኋላ ላይ በኢሜይል «ይቅር በሉኝ፣ መርቁኝ» ብላ ጽፋለች። የእሷ ደብዳቤ በደህና ደርሶ «ኢንቦክስ» ውስጥ አለ። የአያቴ መልስ ግን ከቤት አልወጣም። አክስቴ መልስ ስታጣ «ተቀይመውኛል» አለች። አያቴ ደግሞ «መርቄያት እንኳ አመሰግናለሁ አላለችም» ብለው አዘኑ። ከዚያ በኋላ በስልክ ስንት ጊዜ ተገናኝተዋል! ያንን ጉዳይ ግን ሁለቱም ፈርተው አንሥተውት አያውቁም።

ለመሆኑ ደብዳቤ የሚቀበል ኮምፒዩተር እንዴት መላክ ያቅተዋል? መልሱን ለማግኘት አሠራሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ከኢንተርኔት በፊትም ኢሜይል ነበር

ብዙዎቻችን ኢሜይል ከኢንተርኔት ጋር አብሮ ወደ ሀገራችን የገባ ይመስለናል። ነገር ግን በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው ክፍል ፊዶኔት በሚባል ስልት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። በዚህ ስልት ደብዳቤዎች ቀኑን ሙሉ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጠራቀማሉ። ከዚያ ሞደሙ ወደ ውጭ ሀገር ይደውልና የተጠራቀመውን ባንዴ አራግፎ የመጣውን ተቀብሎ ስልኩን ይዘጋል። ልክ አትክልት ተራ ሌሊት እንደሚገባው መኪና ነው፦ ጭነቱን አራገፈ፣ ባዶ ሳጥኑን ጫነ፣ ሄደ።

ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም ነው። አቅራቢውም የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ቴሌ» የሚለው ነበር። ይህ ድርጅት በ2003 ዓ.ም በኢትዮ ቴሌኮም ተተክቷል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው ኢሜይል የሚያየው በኢንተርኔት ካፌ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረው ሆትሜይል ወይም በ1997 በመጣው ያሁ ሜይል ነበር። እነዚህ በድረ ገጽ የሚከፈቱ ስለሆኑ የማስተካከል ጣጣ የላቸውም። ስምና ፓስወርድ ከተጻፈ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው እንደ አጎቴ ቤቱ ስልክና ኮምፒዩተር ያለው ሰው «ከቤቴ ልላክ» ያለ ጊዜ ነው።

ከግድግዳው እስከ ሞደሙ

የመጀመሪያው ሥራ ከስልክ መስመሩ ጋር መገናኘት ነው። ሞደሙ ከጀርባው ሁለት ቀዳዳ አለው። ከግድግዳ የሚመጣው ሽቦ «ላይን» በሚለው ይገባል፤ የቤቱ ስልክ «ፎን» በሚለው ይሰካል። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ «ዳያል አፕ ኔትወርኪንግ» ተከፍቶ አዲስ ግንኙነት ይፈጠራል። የሚሞሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሚደወልበት ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ። ሦስቱም አገልግሎት ሰጪው ደንበኛው ሲመዘገብ በሚሰጠው ወረቀት ላይ አሉ።

«ኮኔክት» ሲባል ሞደሙ ይደውላል። ያ ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ በአፋቸው የሚያስመስሉት የጩኸትና የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ሁለቱ ሞደሞች «በምን ፍጥነት እንነጋገር?» እያሉ የሚስማሙበት ነው። መስመሩ የሰውን ድምፅ እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ ሞደሙ የኮምፒዩተሩን ቁጥሮች ወደ ድምፅ፣ ድምፁን ደግሞ መልሶ ወደ ቁጥር ይለውጣል። በዚህ ጊዜ ሌላ ክፍል ያለ ሰው ስልክ ካነሣ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። በየቤቱ «ስልክ እንዳታነሡ!» የሚለው ጩኸት ምክንያቱ ይኸው ነበር። መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የስሕተት መልእክት ያወጣል። ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለት ሰርቨር፣ ሁለት ሥራ

መስመሩ ከተገናኘ በኋላ ተራው የኢሜይል ፕሮግራሙ ነው። በአውትሉክ ኤክስፕረስ «ቱልስ»፣ ቀጥሎ «አካውንትስ»፣ ቀጥሎ «አድ»፣ በመጨረሻ «ሜይል» ይጫናል። ከዚያ ፕሮግራሙ በቅደም ተከተል ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ስም። ይህ ተቀባዩ የሚያየው የላኪው ስም ነው።

ሁለተኛ፣ የኢሜይል አድራሻ። በጊዜው የቴሌ ደንበኞች አድራሻ መጨረሻው «ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ» የሚል ነበር።

ሦስተኛ፣ የገቢ ደብዳቤ ሰርቨር። የሚሠራው ፖፕ 3 በሚባል ደንብ ነው።

አራተኛ፣ የወጪ ደብዳቤ ሰርቨር። የሚሠራው ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. በሚባል ደንብ ነው።

አምስተኛ፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ።

ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ሁለቱ ባዶ ሳጥኖች አንድ ገጽ ላይ ላይና ታች ስለተቀመጡ የአንድ ነገር ሁለት ስም ይመስላሉ። ግን የተለያየ ሥራ ናቸው። ደብዳቤ መቀበል ማለት አደራ የተቀመጠልህን ዕቃ ሄደህ እንደማምጣት ነው። ባለ ሱቁ «ማን ነህ?» ይልሃል፤ ስምህንና ፓስወርድህን ትሰጣለህ፤ ያንተን ይሰጥሃል። መላክ ግን ዕቃህን ለጫኝ እንደማስረከብ ነው። ጫኙ ያንተን ጭነት ተቀብሎ በራሱ ስምና በራሱ ወጪ ወደማታውቀው ሀገር ያደርሳል። ስለዚህ የሚያስጨንቀው የጭነቱ ባለቤት ማን እንደሆነና ሊጭንለት ይገባው እንደሆነ ነው።

የኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ደንብ በጆን ፖስተል ተጽፎ የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1982 ነው። ንግግሩ በጣም ቀላል ነው፤ ሁለት ኮምፒዩተሮች እንደ ሰው ይመላለሳሉ። ላኪው «ሄሎ፣ እኔ እገሌ ነኝ» ይላል፤ ሰርቨሩ «250» ይላል፤ እሺ ማለቱ ነው። «ደብዳቤው ከእገሌ ነው» ሲባል «250» ይመልሳል። «ለእገሊት ነው» ሲባል ደግሞ «250» ይመልሳል። «ጽሑፉን ልስጥህ» ሲባል «354፣ ቀጥል» ይላል። ጽሑፉ ሲያልቅ ላኪው ለብቻዋ በአንድ መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ያስቀምጣል። ሰርቨሩ ለዚያች ነጥብ «250» ካለ ደብዳቤውን ተረክቧል ማለት ነው።

ቁጥሮቹን ማወቅ ይጠቅማል። በ2 የሚጀምር መልስ «እሺ» ነው። በ4 የሚጀምር «አሁን አልቻልኩም፣ ቆይተህ ሞክር» ነው። በ5 የሚጀምር ግን «አይሆንም፤ ደጋግመህ ብትመጣም መልሴ ያው ነው» ማለት ነው።

«የማላውቀውን ሰው ጭነት ማን ይጭናል?»

አሁን ወደ አጎቴ ኮምፒዩተር እንመለስ። አውትሉክ ኤክስፕረሱን ያስተካከለለት ሰፈር ውስጥ ኮምፒዩተር የሚነካካ ጓደኛው ነበር። ጓደኛው የገቢውን ሰርቨር ከወረቀቱ በትክክል ጻፈ። የወጪውን ግን እሱ ራሱ ይሠራበት ከነበረ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ያየውን ገለበጠ። እዚያ ሲሠራ ስላየው እዚህም ይሠራል ብሎ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ግን የሚጭነው ከራሱ ግቢ የሚመጣውን ደብዳቤ ብቻ ነበር። ከአትክልት ተራ በዳያል አፕ የመጣ እንግዳ፣ ለውጭ ሀገር ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ «550» አለው። ማስተላለፍ ክልክል ነው ማለቱ ነው።

ሰርቨሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። በኢንተርኔት መጀመሪያ ዘመን የወጪ ሰርቨሮች የማንንም ደብዳቤ ያለ ጥያቄ ያስተላልፉ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ግን ያልተፈለገ ማስታወቂያ በሺዎች የሚበትኑ ሰዎች በእነዚህ ክፍት ሰርቨሮች ይጠቀሙ ጀመር። ስለዚህ ባለቤቶቹ በራቸውን ዘጉ። «የራሴን መስመር ደንበኛ ብቻ አስተላልፋለሁ» አሉ። ይህም ሌላ ቦታ ሆኖ መላክ ለሚፈልግ ሰው ስለማይመች እ.ኤ.አ. በ1999 በወጪው በር ላይም ስምና ፓስወርድ የሚጠይቅ ደንብ ወጣ። በአውትሉክ ኤክስፕረስ የአካውንቱ ዝርዝር ውስጥ፣ «ሰርቨርስ» በሚለው ገጽ ግርጌ፣ ሰርቨሩ ማንነት ማረጋገጫ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ያለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ያቺን ሳጥን ሳያያት ያልፍ ነበር።

ይህንን ሁሉ ለአያቴ ሳስረዳ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ፈጥነው ገባቸው። «ታዲያ ምኑ ያስገርማል?» አሉ። «ከመቂ ሽንኩርት ሲመጣልኝ ማዘዣዬን አሳይቼ አነሣለሁ። እኔ ልላክ ስል ግን የማያውቀኝ ሹፌር ለምን ይጭንልኛል? የማላውቀውን ሰው ጭነት ማን ይጭናል?» እኔ በሦስት ገጽ ያልቻልኩትን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

አጎቴስ ስሕተቱን አላየም ወይ? አይቷል። ግን «ሴንድ» የሚለውን ሲጫን ደብዳቤው ከፊቱ ጠፋ። «ሄደ» አለ። በእውነቱ የሄደው አውትቦክስ ድረስ ብቻ ነው። ቀጥሎ የስሕተት መልእክት ብቅ ሲል፣ መስመር በየጊዜው ስለሚቋረጥ እንዲህ ያለውን ማየት ለምዶ ነበርና አንብቦ ሳይጨርስ ዘጋው። የመስመር መቋረጥ «ቆይተህ ሞክር» ነው። 550 ግን «አይሆንም» ነው። ለሁለቱም ያው ግራጫ መስኮት ነው የሚወጣው። አጎቴ ከዚያ በኋላ የስልክ ሒሳቡ ስለከበደው ወደ ኢንተርኔት ካፌ ተመለሰ። ኮምፒዩተሩም የመሥሪያ ወረቀት መተየቢያ ሆኖ ቀረ።

መፍትሔው ምን ነበር? አንድ መስመር። የወጪውን ሰርቨር ስም አጥፍቶ የሚደወልለት አገልግሎት ሰጪ ወረቀት ላይ ያለውን መጻፍ። ከዚያ ለራስ አንድ መሞከሪያ ደብዳቤ ልኮ ተመልሶ ሲመጣ ማየት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

መላክ ከመቀበል ለምን ይዘገያል?

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ቪ.90 በሚባለው ደረጃ የሚሠሩ ሞደሞች «56 ኪሎቢት» ተብለው ይሸጡ ነበር። ይህ ግን ወደ ቤት ለሚገባው ነው። ከቤት የሚወጣው በሴኮንድ ከ33.6 ኪሎቢት አይበልጥም። በዚያ ላይ ኢሜይል ሲሠራ ለተራ የላቲን ፊደል ስለሆነ ፎቶ በውስጡ እንዲያልፍ ወደ ፊደላት ይቀየራል። በዚህ ጊዜ ክብደቱ በሲሶ ያህል ይጨምራል። 1 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ቢላክ፣ መስመሩ እጅግ ጥሩ ቢሆን እንኳ ከአምስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይወስዳል። 3 ኪሎባይት የሆነ ተራ ደብዳቤ ግን አንድ ሴኮንድ አካባቢ ይበቃዋል።

በመሆኑም ብልኅ ተጠቃሚ ደብዳቤውን ስልክ ሳይደውል ይጽፋል። «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ ወዲያውኑ እንዲላክ የሚያዘውን ምልክት ያነሣል። ደብዳቤዎቹ አውትቦክስ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ከዚያ ደውሎ «ሴንድ ኤንድ ሪሲቭ» ይላል፤ ሁሉም ባንዴ ይሄዳል። ልኮና ተቀብሎ ሲጨርስ ፕሮግራሙ ራሱ ስልኩን እንዲዘጋ ማዘዝም ይቻላል። ይህ እንግዲህ የፊዶኔቱ ዘዴ በቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ደጉ ነገር ወጪ መቆጠቡ ነው፤ ክፉው ነገር «ጻፍኩ» እና «ላክሁ» የሚሉት እንዲምታቱ ማድረጉ ነው።

ፊደላችንስ?

የአያቴ ደብዳቤ የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ ፊደሉ ግን የእንግሊዝኛ ነው። አጎቴ ቸግሮት ነው። በዚያን ጊዜ በአንድ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ያንን ፎንት ያልጫነ ሰው ጋ ሲደርስ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ «ሴራ» የተባለ፣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በላቲን ፊደላት የመጻፍ ስልት የተቀየሰው ይህን ችግር ለማቃለል ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ማይክሮሶፍትም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ይዞ የመጣው በ2007 ነው። አጎቴ ደብዳቤውን ሲጽፍ ሠንጠረዡ ነበረ፤ ቤቱ ግን ገና አልደረሰም። «ልጄ» የሚለውን ቃል በአራት የላቲን ፊደል ጽፎት ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ማንበብ አቅቶኝ ነበር።

ዛሬስ?

ዳያል አፕ አልፏል። በአሜሪካ በዚህ አገልግሎቱ ይታወቅ የነበረው ኤ.ኦ.ኤል. እንኳ በመስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም አገልግሎቱን ዘግቷል። ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ግን አላለፈም። ዛሬም ከስልካችን የምንልከው ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄደው በዚያው በ250 እና በ354 ንግግር ነው። የተለወጠው የላኪው በር ነው። ዱሮ ሁሉም በ25 ቁጥር በር ይገባ ነበር። ዛሬ ከተጠቃሚ የሚነሣ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ በ587 ቁጥር በር፣ ስምና ፓስወርድ አስመዝግቦ፣ ንግግሩም በምስጢር ተሸፍኖ ያልፋል። ስልኩ ይህንን ሁሉ በራሱ ስለሚሞላው እኛ አናየውም። ሲበላሽ ግን ያው 5 ቁጥር ነው የሚመጣው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ መላክ ሌላ ነው፤ መድረስ ሦስተኛ ነው። አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይገባም። ላክሁለት ያልነው ምንጭ መልስ ሲያጣብን «ፈቃደኛ አልሆነም» ብለን ከመጻፋችን በፊት ደብዳቤው ከእኛ ቤት መውጣቱን እንይ።

የቀረው የደብዳቤው ጉዳይ ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር የዛሬዎቹን ሰርቨሮች ቋንቋ አይችልም፤ የሚደውልበት መስመርም የለም። አያቴ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ አሁን ላኩላታ» አሉ። ገጹን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ፣ ቃል በቃል በራሳችን ፊደል ገለበጥኩት። «ቂም የለኝም፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ» የሚለው ጋ ስደርስ አጎቴ ከክፍሉ ወጣ። ከላይ ግንቦት 1996 ዓ.ም ብዬ ጽፌ ላክሁት።

ይህንን ጽሑፍ ስሠራ የተማርኩትን ረስቼ ቁጭ አላልኩም። «ሴንት» የሚለው ውስጥ መግባቱን አየሁ፤ ቀጥሎ አክስቴ ጋ ደወልኩ። «ደርሶሻል?» አልኳት። ከፍታ እስክታነብ ጠበቅሁ።

«እማዬ ይሄን ያለችው ያኔ ነው?» አለች።

«ያኔ ነው» አልኳት።

ከዚያ ስልኩን ለአያቴ ሰጠሁ።